ሮም ላይ ታክሲ፣ ባቡር ወይስ አውቶብስ?

ሮም ደርሰው የተመለሱ ሁለት ሰዎች ስለ ትራንስፖርት ሲያወሩ የሰማ ሰው ሁለት የተለያየ ከተማ የሄዱ ይመስለዋል። አንዱ «በ14 ዩሮ ባቡር እያለ ለታክሲ 55 ዩሮ መክፈል ገንዘብ መበተን ነው» ይላል። ሌላው «ባቡር ይረክሳል ብዬ ሻንጣ ስጎትት አመሸሁ» ብሎ ያማርራል። ሁለቱም አልዋሹም። የመጀመሪያው ያረፈው ከዋናው የባቡር ጣቢያ ከተርሚኒ አምስት ደቂቃ በእግር በሚያስኬድ ሆቴል ነው፤ ሁለተኛው ከቲቤር ወንዝ ማዶ፣ ትራስቴቬሬ ውስጥ፣ መኪና በግድ በሚገባበት ጠባብ መንገድ ላይ።

ስለዚህ ዋጋ ከማወዳደርዎ በፊት ማደሪያዎ ከየትኛው ጣቢያ ወይም ፌርማታ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ካርታ ላይ ይዩ። ባቡር የሚያደርስዎ ጣቢያ ድረስ ነው፤ ታክሲ በር ድረስ ነው። ሂሳቡን የምትገለብጠው በመካከል ያለችው ያቺ የመጨረሻዋ ኪሎ ሜትር ናት፤ በተለይ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ ለመጣ ሰው። የአሮጌው ሮም መንገድ ጥቁር ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። እኛ ኮብልስቶን የምንለው ዓይነት ነው፤ ግን በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት የሻንጣ ጎማ ያስገባል። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው በ12 ደቂቃ የሚጨርሰው መንገድ ሻንጣ ለሚጎትት ሰው ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ አንድ ጎማም ሊያስከፍለው ይችላል።

ከፊዩሚቺኖ ወደ ከተማ

ዋናው አየር ማረፊያ ፊዩሚቺኖ ከመሃል ከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መግቢያው አራት ዓይነት ነው፤ ሁለቱ ባቡር ናቸው፤ ሰዎችም በብዛት የሚሳሳቱት በእነዚህ ሁለቱ ላይ ነው።

ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር 14 ዩሮ ነው፤ የትም ሳይቆም በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ይገባል። በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃው ይነሳል። የሚያደርሰው ተርሚኒ ብቻ ነው። ሁለተኛው «ኤፍ ኤል 1» የተባለው የከተማ ዳርቻ ባቡር ሲሆን ዋጋው 8 ዩሮ ነው። ከዚያው ጣቢያ ይነሳል፣ ግን ተርሚኒን ጭራሽ አይነካም። መንገድ ላይ ብዙ ቦታ እየቆመ ወደ ግማሽ ሰዓት በሚጠጋ ጊዜ ትራስቴቬሬ ጣቢያ፣ ቀጥሎ ኦስቲየንሴ፣ ከዚያ ቱስኮላና እና ቲቡርቲና ይደርሳል። ኦስቲየንሴ ሲወርዱ በውስጥ መተላለፊያ ፒራሚዴ ወደሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ይሻገራሉ፤ ቲቡርቲናም የሜትሮ ጣቢያ አለው።

አሁን ያንን ትራስቴቬሬ ያረፈ ሰው መልሰው ያስቡት። በ14 ዩሮ ተርሚኒ ወርዶ፣ ከተማውን አቋርጦ ወደ ኋላ ከሚመለስ ይልቅ በ8 ዩሮ ትራስቴቬሬ ጣቢያ ወርዶ ከዚያ በአውቶብስ ወይም በትራም ጥቂት ፌርማታ ቢሄድ ይሻለው ነበር። ውዱ ባቡር ለእሱ ዘገምተኛው ነበር ማለት ነው። አየር ማረፊያው ውስጥ ያለው ማስታወቂያ ሁሉ ወደ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ስለሚያመለክት ብዙ ሰው ሌላ ባቡር መኖሩን ሳያውቅ ያልፋል። ማሽኑ ላይ መድረሻዎን ተርሚኒ ብለው ከጻፉ የሚያወጣልዎ የ14 ዩሮውን ነው፤ ትራስቴቬሬ፣ ኦስቲየንሴ ወይም ቲቡርቲና ብለው ከጻፉ የ8 ዩሮው ይመጣል።

የወረቀት ቲኬት ከገዙ ከመሳፈርዎ በፊት መድረኩ ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን ውስጥ ከተው ያስመቱት። ሳይመታ የተገኘ ቲኬት እንዳልተከፈለ ይቆጠራል፤ «አላወቅሁም» ብሎ መከራከር አያድንም። በስልክ የተገዛ የዚህ ዓይነት ቲኬት ደግሞ ማስመታት አያስፈልገውም፣ ግን ከመሳፈርዎ በፊት በተላከልዎ ማስፈንጠሪያ ገብተው «ቼክ ኢን» ማድረግ አለብዎ። ብዙ ሰው «ከፍያለሁ፣ ስልኬ ላይ አለ» ብሎ ይቀመጥና ተቆጣጣሪው ሲመጣ ይደነግጣል።

ሦስተኛው አውቶብስ ነው። የተለያዩ ድርጅቶች ወደ ተርሚኒ ይጭናሉ፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ10 ዩሮ በታች ነው፣ ጊዜው ግን ከመንገዱ ጋር ይለዋወጣል፦ ክፍት ከሆነ 45 ደቂቃ፣ ከተዘጋጋ ከአንድ ሰዓት በላይ። ትልቁ ጥቅሙ ሻንጣው ከታች ይጫናል፣ እርስዎ ከላይ ይቀመጣሉ። ገንዘብ ለሚቆጥብ፣ ጊዜ ለማይቸግረው፣ ተርሚኒ አጠገብ ለሚያድር ሰው የሚናቅ አይደለም። የጉዞው ቲኬት ግን ለአንድ ድርጅት ብቻ ነው የሚሠራው፤ አውቶብሱ ካመለጠዎ ቀጥሎ በቆመው የሌላ ድርጅት መኪና አያስገቡዎትም።

ታክሲ፦ እዚህ ላይ ኮንትራት መደራደር የለም

አዲስ አበባ ላይ «ኮንትራት ስንት?» ብሎ መጀመር የለመደ ሰው ሮም ላይ ያ ልማዱ ይጎዳዋል። ፊዩሚቺኖ ከሻንጣ መረከቢያው ሲወጡ «ታክሲ? ታክሲ?» እያለ የሚጠጋዎ፣ ዋጋ ለመነጋገርም ፈቃደኛ የሆነው ሰው ሕጋዊ ባለታክሲ አይደለም። ሕጋዊው ተሳፋሪ ፍለጋ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ውጭ ተሰልፎ ይጠብቃል። መኪናው ነጭ ነው፣ ጣራው ላይ «ታክሲ» የሚል ምልክት አለው፣ በሩ ላይ የከተማው አርማና የፈቃድ ቁጥር ተለጥፏል።

ከፊዩሚቺኖ እስከ አውሬሊያን ግንብ ውስጥ ድረስ ያለው ዋጋ በከተማው አስተዳደር የተወሰነ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ 55 ዩሮ ነው። ይህ በሰው አይደለም፣ በመኪና ነው፤ እስከ 4 ሰው ከነሻንጣው። ቀንም ሌሊትም፣ እሑድም ያው ነው፣ ወደ አየር ማረፊያው ሲመለሱም እንዲሁ። ከትንሹ አየር ማረፊያ ቻምፒኖ ሲነሱ 40 ዩሮ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ግንቡ ነው። አውሬሊያን ግንብ ከ1,700 ዓመት በፊት የተሠራ የከተማ ቅጥር ሲሆን ዛሬም የታሪፍ ድንበር ሆኖ ያገለግላል። ተርሚኒ፣ ኮሎሴኦ (ኮሎሲየም)፣ ፓንቴዎን፣ የስፔን ደረጃ በውስጡ ናቸው። ቫቲካን አጠገብ ያለው ፕራቲ ሰፈር፣ ኖሜንታና፣ ከሳን ጆቫኒም ከግንቡ በር ወዲያ ያለው ክፍል ከግንቡ ውጭ ናቸው፤ ለእነሱ በታክሲው ቆጣሪ (በሜትር) ሊታሰብ ይችላል። ስለዚህ ሻንጣው ሳይጫን አድራሻውን ያሳዩና «ፊሳ?» ብለው ይጠይቁ፤ የተወሰነው ዋጋ ነው ወይ ማለት ነው።

ሁለተኛው የመኪናው ባለቤት ከተማ ነው። ከዚያው ሰልፍ ላይ የሮም ታክሲም የፊዩሚቺኖ ከተማ ታክሲም ይቆማል። ፊዩሚቺኖ ራሱን የቻለ ማዘጋጃ ቤት ነው፣ ታሪፉም የራሱ ነው። በሩ ላይ «ሮማ» የሚል መሆኑን ያረጋግጡ።

ሦስተኛው ካርድ ነው። በጣሊያን ሕግ ታክሲ በካርድ ክፍያ መቀበል ግዴታው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 አጋማሽ ጀምሮ እምቢ ያለ ይቀጣል። ሆኖም ከደረሱ በኋላ «ፖስ ማሽኑ ተበላሽቷል» የሚል ሹፌር ያጋጥማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመሳፈርዎ በፊት ካርዱን ከፍ አድርገው አሳይተው «ካርታ፣ ሲ?» ይበሉ። ካልሠራለት ያኔውኑ ይናገራል፣ ቀጣዩን መኪና ይይዛሉ። ደረሰኝ «ሪቼቩታ» ይባላል፤ ዕቃ ረስተው ቢወርዱ የፈቃድ ቁጥሩ ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ ሁልጊዜ ይቀበሉ።

አሁን በሰው ብዛት እናስላው። አንድ ሰው ከሆኑ 14 ለ55፤ ታክሲ አያዋጣም። ሁለት ከሆኑ 28 ለ55፤ ማደሪያው ከጣቢያ ሩቅ ካልሆነ ባቡር። ሦስት ሲሆኑ 42 ለ55፤ በዚህ ላይ ከተርሚኒ የሚቀጥለው አውቶብስ ወይም አጭር ታክሲ ሲታከል ልዩነቱ ይጠፋል። አራት ሲሆኑ 56 ለ55፤ አለቀ። በእርግጥ የባቡር ኩባንያው ለአራት ሰው ቅናሽ ያለው የቡድን ቲኬት ይሸጣል፤ ተርሚኒ አጠገብ የሚያድር ቤተሰብ ማሽኑ ላይ እሱን ይፈልግ። የ8 ዩሮው ባቡር ደግሞ ለአራት ሰው 32 ዩሮ ነው፤ ኦስቲየንሴ ወይም ትራስቴቬሬ የሚስማማዎት ከሆነ የሚያሸንፈው የለም።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ አራት ሰው ያለው የሐበሻ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ስምንት ሻንጣ አለው። በተለመደው ታክሲ ሦስት ትልልቅ ሻንጣ ከገባ ጥሩ ነው። ሰልፉ ላይ ሲደርሱ ትልቁን መኪና፣ ባለ ሰባት ወይም ባለ ስምንት ወንበሩን፣ ይጠይቁ፤ መጠበቅ ሊኖር ይችላል። ሰልፉን ለሚያስተናብረው ሰው በእጅዎ ሻንጣዎቹን ካሳዩት ቋንቋ አያስፈልግም።

ከተማው ውስጥ፦ ሜትሮ ትንሽ ነው

ከተማዋ እንደ ለንደን ወይም እንደ ፓሪስ ምድር ሥሯ በባቡር የተጠላለፈ አይደለም። በቆፈሩ ቁጥር ጥንታዊ ሕንፃ ስለሚወጣ መስመሩ ሦስት ብቻ ነው፦ ብርቱካናማው ኤ፣ ሰማያዊው ቢ እና አረንጓዴው ሲ። ኤ እና ቢ ተርሚኒ ላይ ይገናኛሉ። ሲ ያለ ሾፌር የሚሄድ ነው፤ ሳን ጆቫኒ ላይ ከኤ ጋር ይገናኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ እስከ ኮሎሴኦ ድረስ ስለተከፈተ እዚያ ከቢ ጋርም ይገናኛል። በሳን ጆቫኒ እና በኮሎሴኦ መካከል ያለው አዲሱ ጣቢያ ፖርታ ሜትሮኒያ ይባላል፤ ሲታቀድ ግን አጠገቡ ባለው ጎዳና ስም አምባ አራዳም ሊባል ነበር።

ሜትሮ የሚያሸንፍባቸው ጉዞዎች ጥቂት ናቸው፣ ግን በእነዚያ ላይ ተወዳዳሪ የለውም። ከተርሚኒ ወደ ኮሎሴኦ በቢ መስመር ሁለተኛው ጣቢያ ነው። ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን በኤ መስመር ስድስተኛው ጣቢያ ኦታቪያኖ ነው። ከኮሎሴኦ ቀጥሎ ያለው ቺርኮ ማሲሞ ሲሆን የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ያለው እዚያ ነው፤ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልትም ያኔ ቆሞ የነበረው ከዚህ ጣቢያ መውጫ አጠገብ፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ነበር።

ፓንቴዎን፣ ናቮና አደባባይ፣ ትራስቴቬሬ ግን ሜትሮ የላቸውም። ለእነሱ ምርጫው አውቶብስ ወይም እግር ነው፤ ፍርዱን ከጠየቁን፣ ሻንጣ ከሌለ እግር ይቅደም። ከትሬቪ ፏፏቴ እስከ ፓንቴዎን 10 ደቂቃ ነው። ለዚያ አውቶብስ የሚጠብቅ ሰው ፌርማታው ላይ ቆሞ የሄዱት ሲመለሱ ያያል። ለትሬቪ ቅርቡ ሜትሮ ባርቤሪኒ ነው፤ ስፔን ደረጃም ከዚያ ሩቅ አይደለም።

ሰዓቱን በአገሩ አቆጣጠር ይያዙት። ሜትሮ ከ5:30 እስከ 23:30 ይሠራል፤ በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ዓርብና ቅዳሜ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ቁጥራቸው ፊት «ኤን» የተጻፈባቸውና የጉጉት ሥዕል ያለባቸው የሌሊት አውቶብሶች የሜትሮውን መንገድ በላይ በላዩ ይከተላሉ። ጎህ ሳይቀድ ለሚያርፍ በረራ ይህ ትርጉም አለው፦ የመጀመሪያው ባቡር እስኪነሳ መጠበቅ አለብዎ፣ አለዚያ ታክሲ ነው። አንድ ሰዓት ቡና ይዞ መቀመጥ 41 ዩሮ ያተርፍልዎታል።

ፌርማታውን ማንበብ

«ፌርማታ» የሚለው ቃላችን ከጣሊያንኛ የመጣ ስለሆነ ሮም ላይ ምሰሶው ላይ ተጽፎ ያዩታል። የሚከብደው ከሥሩ ያለውን ማንበብ ነው። በምሰሶው ሰሌዳ ላይ ለእያንዳንዱ የአውቶብስ ቁጥር አንድ ረጅም ዝርዝር አለ፣ ከላይ ወደ ታች የፌርማታ ስሞች። ከመካከላቸው አንዱ በሳጥን ተከቧል፤ እርስዎ የቆሙት እዚያ ነው። ከሳጥኑ በላይ ያሉትን አውቶብሱ አልፏቸዋል፤ ከሳጥኑ በታች ያሉት ገና የሚሄድባቸው ናቸው። የሚፈልጉት ቦታ ከሳጥኑ በላይ ከሆነ መንገዱን ተሻግረው ከተቃራኒው ፌርማታ ይሳፈሩ፤ መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ከሆነ ደግሞ የመመለሻው ፌርማታ ሌላ ጎዳና ላይ ይሆናል። ብዙ እንግዳ ከተማውን ዞሮ የሚመለሰው ይህችን ሳጥን ባለማየት ነው።

አውቶብሱ ሲመጣ እጅዎን ዘርግተው ያስቁሙት፤ ቆሞ ዝም ያለ ሰው ሌላ ቁጥር እየጠበቀ ነው ብሎ ያልፋል። በፊት ወይም በኋላ በር ይገባሉ፣ በመካከለኛው ይወርዳሉ። ረዳት የለም፤ «ወራጅ አለ!» ቢሉም የሚሰማ የለም፤ ከመድረስዎ በፊት ቀዩን ቁልፍ ይጫኑ። ሹፌሩ ቲኬት አይሸጥም።

የአውቶብሶቹ ዋና መነሻ ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ነው፤ በየአውቶብሱ ፊት ላይ ስሙን ያነቡታል፦ ፒያሳ ዴይ ቺንክዌቼንቶ፣ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ»። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሐበሻ ሮም ላይ አውቶብስ የሚቀይረው አሉላ በሰየሙት አደባባይ ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም። ከዚያው በ90 ቁጥር በኖሜንታና ጎዳና ሽቅብ መሄድ ይቻላል፤ በቢ መስመር ቅርንጫፍ ወደ ዮኒዮ የሚሄደውን ሜትሮ ይዘው ሊቢያ ጣቢያ ቢወርዱ ደግሞ የአፍሪካ ሰፈር በሚባለው ውስጥ ኢትዮጵያ ጎዳናን፣ ኤርትራ ጎዳናን ያገኛሉ። ወደ ዮኒዮና ወደ ሬቢቢያ የሚሄዱት ባቡሮች ከአንድ መድረክ ስለሚነሱ ከመሳፈርዎ በፊት ፊቱ ላይ የተጻፈውን ይዩ፤ ቦሎኛ ጣቢያ ላይ ይለያያሉ።

ኪስዎን የሚጠብቁበት ቦታም ይኸው ነው። ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶብስና የኤ መስመር ባቡር በሌቦች የታወቁ ናቸው። ሥራው የሚሠራው በር ላይ ነው፦ ከፊት ያለው ሲገባ ቆም ይላል፣ ከኋላ ይገፋሉ፣ በሩ ሊዘጋ ሲል ዘለው ይወርዳሉ። ፓስፖርት በጀርባ ቦርሳ አይያዝም።

የትኛው ቲኬት?

ነጠላው ቲኬት 1.50 ዩሮ ነው፤ ከመታ ጀምሮ 100 ደቂቃ ያገለግላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አውቶብስና ትራም እንደልብ መቀያየር ይቻላል፤ ሜትሮ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስገባው። ከኤ ወደ ቢ ውስጥ ለውስጥ መቀየር እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ወደ ውጭ ከወጡ ግን ደቂቃው ቢተርፍም በሩ አይከፈትም። ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከአዋቂ ጋር በነፃ ይሄዳሉ።

የ24 ሰዓቱ 8.50፣ የ48 ሰዓቱ 15፣ የ72 ሰዓቱ 22፣ የሳምንቱ 29 ዩሮ ነው። እነዚህ ዋጋዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ክረምት የጨመሩ ናቸው፤ ከዚያ በፊት የተጻፉ መመሪያዎች 7 ዩሮ የሚሉት ለዚህ ነው። ጭማሪው ሂሳቡን ቀይሮታል። የ24 ሰዓቱ የሚያዋጣው ቢያንስ 6 ጊዜ ከተሳፈሩ ነው፤ የ72 ሰዓቱ 15 ጊዜ ይጠይቃል። ጠዋት ሄዶ፣ ቀኑን በእግሩ ዞሮ፣ ማታ የሚመለስ ጎብኚ በቀን ከሦስት ወይም ከአራት ጊዜ በላይ አይሳፈርም። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው ነጠላው ይሻላል። ዘመድ ጠይቆ ሦስት ሳምንት የሚቆይ ሰው ደግሞ የወሩን ይመልከት፦ የግል የወር ካርድ 35 ዩሮ ነው፣ ከሳምንቱ በ6 ዩሮ ብቻ ይበልጣል። ግን የሚቆጠረው ከወሩ አንደኛ ቀን እስከ መጨረሻው ቀን ነው፤ በ20ኛው ቀን ለመጣ ሰው አይጠቅምም።

ከእነዚህ አንዱም የአየር ማረፊያውን ባቡር አይጨምርም። የከተማ ቲኬት ይዞ በ8 ዩሮው ባቡር ፊዩሚቺኖ የሚሄድ ሰው እንደ ቲኬት አልባ ይቀጣል።

ቀላሉ መንገድ ካርድ ማስነካት ነው። ካርድዎ ላይ የሞገድ ምልክት ካለና ለውጭ አገር ክፍያ ክፍት ከሆነ በሜትሮ በሩም በአውቶብሱም ማንበቢያ ላይ አስነክተው ይገባሉ። አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ነው፤ ለባልም ለሚስትም ደጋግሞ ማስነካት አይሠራም። በካርዱ ከጀመሩ በካርዱ ይቀጥሉ፤ ያው ካርድ በስልክ ውስጥ ቢሆንም ማሽኑ የሚያየው እንደ ሌላ ካርድ ነው፤ መሸጋገሪያው ይቀርና እንደገና ይቆርጣል። ወረቀት የሚመርጥ ሰው ደግሞ «ቲ» የሚል ምልክት ካለው የሲጋራ ሱቅ ወይም ከሜትሮ ማሽን ይግዛ፤ ሱቆቹ ማታ ስለሚዘጉና እሑድም ብዙዎቹ ስለማይከፍቱ አራት አምስት አድርጎ መያዝ ነው። ያለ ቲኬት የተያዘ ከ100 ዩሮ በላይ ይቀጣል፤ በ5 ቀን ውስጥ ከከፈለ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

በከተማው ውስጥ ታክሲ መቼ?

ምሽት ከትራስቴቬሬ ሲመለሱ፣ ዝናብ ሲጥል፣ አረጋዊ ወላጅ ይዘው ሲሄዱ። የተርሚኒ ሜትሮ በመስመር ኤ እና ቢ መካከል ያለው መንገድ ረጅም ነው፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃም ብዙ ጊዜ ይበላሻል፤ ጉልበታቸው ለሚያማቸው እናት 15 ዩሮ ታክሲ ከመቶ ደረጃ ይሻላል።

መንገድ ላይ እጅ አንስቶ ማስቆም እምብዛም አይሳካም። ታክሲ መቆሚያ ይፈልጉ፤ ተርሚኒ፣ ቬኔሲያ አደባባይ፣ አርጀንቲና አደባባይ፣ ባርቤሪኒ አሉ። ካልሆነ በስልክ 060609 ይደውሉ ወይም በመተግበሪያ ይጥሩ። ኡበር ሮም ውስጥ አለ፣ ግን ለምደውት የነበረው ርካሹ ኡበር አይደለም፤ ጥቁር መኪናው ከነጩ ታክሲ ይወደዳል፣ ካልሆነም ነጩን ታክሲ ራሱን ይልክልዎታል። በሜትር ሲሄዱ መነሻው ላይ ዜሮ አለመሆኑ ማጭበርበር አይደለም፤ መነሻ ሂሳብ አለ፤ እሱም እሑድና በዓላት ይጨምራል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። መክፈል ያለብዎ በሜትሩ ላይ ያለውን ነው።

አድማ

«ሾፔሮ» የሚለውን ቃል ይያዙ፤ የሥራ ማቆም አድማ ማለት ነው። ሮም ላይ ተደጋጋሚ ነው፣ ብዙ ጊዜም ዓርብ ቀን ይውላል፣ ቀደም ብሎም ይነገራል። በአድማ ቀንም በሕግ አገልግሎት መሰጠት ያለበት ሁለት ጊዜ አለ፦ ከአገልግሎት መጀመሪያ እስከ 8:30 እና ከ17:00 እስከ 20:00፤ በእኛ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ እንዲሁም ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት። ጉዞዎን በእነዚያ ውስጥ ያስገቡ። በቀኑ መካከል የታክሲ ሰልፉ ተርሚኒ ላይ ስለሚረዝም፣ ያን ቀን ማለዳ ወጥቶ በእግር ውሎ ማታ መመለስ ነው የሚያዋጣው።

የመመለሻው ቀን በአድማ ላይ ከዋለ ወይም በረራዎ ማለዳ ከሆነ ታክሲውን ከዋዜማው በሆቴሉ በኩል ያስይዙ፤ ሲያስይዙም ነጭ ታክሲ መሆኑን በግልጽ ይናገሩ። ሆቴሎች የሚጠሩት ብዙ ጊዜ ጥቁር የኪራይ መኪና ነው፤ ለእሱ የ55 ዩሮው ውሳኔ አይሠራም፣ ዋጋውን የሚነግሩዎት ራሳቸው ናቸው።